የላይኛው ጎጆ መዝገብ

መጋቢት 24፣ ሰኞ

የጠዋቱን አውቶቡስ ነዳሁ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ጣሪያዎቹ ሁሉ ይንጠባጠባሉ፤ የመንገዱ ዳር በረዶ ጠቁሮ ሳስቷል።

የወፍጮው ፌርማታ ላይ ዱሪ ቆሞ ነበር። መጋዙን በጨርቅ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አድርጎታል። መጀመሪያ አውቶቡሱን አየ፣ ቀጥሎ ሹፌሯን። እጁን "እለፊ" በሚል ወዘወዘና በእግሩ መንገድ ጀመረ። እስከሚቀጥለው መንደር ስድስት ኪሎ ሜትር ነው... በሩን ከፍቼ ልጠብቀው ይገባ ነበር? አልጠበቅኩም።

ከኋላ የተቀመጡት አሮጊቶች በመስኮት ዞረው አዩት። ሁሉም ያውቃል። ዱሪ ሃያ አራት ዓመት አብሮኝ የኖረ ባሌ ነው። ካለፈው ሐምሌ ጀምሮ እህቱ ማድላይና ቤት ነው የሚኖረው። ውጣልኝ ያልኩት እኔ ነኝ። አልተከራከረም። ልብሱን ሰበሰበ፣ የሚያንጠባጥበውን የወጥ ቤት ቧንቧ ጠገነ፣ ወጣ። ይሄ ነው ያናደደኝ። ቧንቧውን መጠገኑ።

እራት፦ የትናንት የገብስ ሾርባ። ግማሹን ደፋሁት።

መጋቢት 26

ዛሬ ያኸን ተሳፍሮ ነበር። የመንደራችን የነፍስ አድን ቡድን አለቃ ነው። አምና ሚያዝያ 17 ልጄን ፍሉሪንን ከበረዶ ናዳ ሥር ቆፍረው ያወጡት እሱና ዱሪ ናቸው። አባት በገዛ አካፋው... ስለዚያ ቀን አልጽፍም።

ያኸን ከኋላዬ ተቀምጦ ከአንዱ ጋር ያወራል። "የላይኛው ጎጆ መዝገብ ሞልቷል" ሲል ሰማሁ። "በበረዶው ወቅት መጨረሻ አዲስ ይዤ እወጣለሁ።"

እንዴት እስከ ዛሬ አላሰብኩትም? ተራራ ሊወጣ እዚያ ጎጆ ያደረ ሰው ሁሉ ስሙንና የሚሄድበትን መዝገቡ ላይ ይጽፋል። ካልተመለሰ የት እንደሚፈለግ እንዲታወቅ። ፍሉሪን የመጨረሻዋን ሌሊት ያደረው እዚያ ነው፣ ብቻውን። ጽፏል ማለት ነው።

ሲነሳ ጠየቅኩት። "ያኸን፣ የፍሉሪን ጽሑፍ እዚያ አለ?"

ፊቱ ቀላ። "ሊኖር ይችላል... አላስታውስም።"

"ወጥቼ ላየው እፈልጋለሁ።"

"ምን ያደክምሻል፣ ላዲና። በበጋ እኔ አወርድልሻለሁ።"

"በበጋ?"

"ትንሽ ታገሺ" አለና ወረደ። ቤቱ ገና ሁለት ፌርማታ ይቀረው ነበር።

መጋቢት 27

የእጁን ጽሑፍ ነው ማየት የምፈልገው። ሌላ ምንም። ፊደሎቹን ሁሉ ወደ ግራ የሚያጋድል ልጅ ነበር። አስተማሪዎቹ ሊያቃኑት ስንት ዓመት ለፉ።

መጋቢት 30፣ እሁድ

ምሳ እማማ ኡርሽላ ቤት። የዱሪ እናት ናቸው፤ ሰማንያ አራት ሞላቸው። ድንች ልጬላቸው፣ እሳቸው ደግሞ እንደ ልማዳቸው "ወፍራም አድርገሽ ትልጫለሽ፣ ግማሹ እኮ ለዶሮ ሄደ" አሉኝ። ዶሮ ማርባት ከተዉ አሥር ዓመት አልፏቸዋል።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ያ ሰው ትናንት ደውሎ ነበር። አላነሳሁለትም" አሉ።

ያ ሰው የሚሉት ልጃቸውን ነው። በገናም ሳህን አላቀረቡለትም። ዱሪ ደጃፉ ላይ ቆመ፣ የያዘውን ኬክ ደረጃው ላይ አስቀመጠ፣ ሄደ። እኔ ውስጥ ተቀምጬ በመስኮት አየሁት። ደስ ብሎኝ ነበር? ... አዎ። ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር።

የነገርኳቸው እኔ ነኝ፣ በቀብሩ ማግስት። ፍሉሪን ከመሞቱ በፊት ባለው ምሽት ደውሎ ነበር። ከላይኛው ጎጆ ጀርባ ካለችው ቋጥኝ ላይ ስልክ ይሠራል። ዱሪ አነሳ። እኔ ከጓዳ ልብስ ማጠቢያውን እያስነሳሁ የሰማሁት የዱሪን ቃል ብቻ ነው፦ "ሂድ፣ ሂድ። ጥሩ ቀን ነው የሚሆነው።" ከዚያ ማሽኑ መጮህ ጀመረ።

ይሄን ነው ለሁሉም ያወራሁት። ለእናቱ፣ ለያኸን፣ ለቤተ ክርስቲያን መዘምራኑ። ሂድ ብሎ የላከው አባቱ ነው። ለራሱ ለዱሪም ፊት ለፊት ብዬዋለሁ፣ ልጄን ገደልክ ብዬዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ አይደለም አላለም።

ጥፋት ከሌለበት ለምን ዝም አለ?

ሚያዝያ 2

በረዶ ላይ የምሄድበትን ስኪዬን ከምድር ቤት አወጣሁት። ዓመት ሙሉ አልነካሁትም። ጠርዙ ዝጓል። ሽቅብ ስንወጣ እንዳይንሸራተት ከሥሩ የምንለጥፈው ቆዳ ሙጫው ደርቋል። ሞረድኩ፣ ሙጫውን በካውያ አሞቅኩ። ሽታው ቤቱን ሲሞላው መስኮቱን ከፈትኩ። ፍሉሪን በየዓመቱ ይሄን ሥራ ሳሎን ውስጥ ካልሠራሁ ብሎ ይጣላኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። ዱሪ። ኮፍያውን አውልቆ እንደ እንግዳ ደጃፉ ላይ ቆመ።

"ያኸን ነገረኝ" አለ።

"ያኸን ምን አገባው።"

"አትሂጂ፣ ላዲና።"

"ለምን?"

ከኋላዬ የተጋደመውን ስኪ አየ።

"ለምን አልሄድም? ተናገራ።"

"ዓመት ሙሉ ስኪ አልረገጥሽም። የሁለት ቀን መንገድ ነው።"

"እኔ እዚያ መንገድ ላይ ነው ያደግኩት። አባቴ የተራራ መሪ ነበር፣ ረሳኸው?"

"አልረሳሁም።" ኮፍያውን በእጁ አዞረው፣ ደግሞ አዞረው። "እንግዲያው ብቻሽን አትሄጂም። እኔም አለሁ።"

"ካንተ ጋር?"

"አታናግሪኝ። ዱካዬን መከተል ብቻ ነው።"

በሩን ዘጋሁበት። ግን እምቢ አላልኩም። ለምን እምቢ አላልኩም?

ሚያዝያ 9

ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ቀን ይሞቃል። በረዶው ጥሩ ነው ይላሉ። ፈቃድ ጠየቅኩ። አለቃዬ ለምን አላለኝም። ቀኑን ያውቃል።

ሚያዝያ 15፣ ማክሰኞ፣ የታችኛው ጎጆ

ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዱሪ ከበራፌ ቆሞ ነበር። "መፈለጊያሽን አብሪው" አለ። ደህና አደርሽ ሳይል። በረዶ የዋጠው ሰው የሚፈለግበት፣ ደረታችን ላይ የምናስረው መሣሪያ ነው። ሁሌም ከመነሳታችን በፊት አንዳችን የአንዳችንን እንፈትሻለን። የኔን አበራሁ፣ ወደ እሱ ተጠጋሁ። ሁለቱ ተሰማምተው ጮኹ።

ልጃችንን ያገኙት በዚህ ድምፅ ነው። ዱሪ ፊቱን ወደ ጫካው አዞረ።

ጫካው ውስጥ በረዶው እንደ ድንጋይ ደርቋል። ከዛፎቹ በላይ ስንወጣ ፀሐይ አገኘችን። ዱሪ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ዱካውን ለእርምጃዬ እንዲመች አድርጎ ያወጣል፤ ዳገቱን ቀጥ ብሎ አይወጣውም። የኔን እርምጃ አልረሳም... ተናደድኩ። ሳልናደድ የዋልኩበት ሰዓት አለ እንዴ?

አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ቋንጣ ቆራርጦ ድንጋይ ላይ አስቀመጠና ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ከእጁ እንዳልቀበል ብሎ ነው። ርቦኝ ነበር። በላሁ።

የጎጆው ጠባቂ ፔይደር ከሩቅ አይቶን መጥረጊያውን እንደያዘ ወጣ።

"ዱሪ፣ አረጀህ እኮ። ድሮ ሾርባው ሳይፈላ ትደርስ ነበር።"

"ድሮ ያንተ ሾርባ የሚያስሮጥ ነበር" አለ ዱሪ።

ሁለቱም ሳቁ። የዱሪን ሳቅ ከሰማሁ ዓመት ሆኖኛል። እንዴት ይስቃል ብዬ አሰብኩ። ቀጥሎ ደግሞ፣ ሳቁ ተለውጧል ብዬ አሰብኩ። ጫፍ የለውም። ይጀምርና ይቀራል።

ሳህን ሳቀብለው ፔይደር ድምፁን ዝቅ አድርጎ አወራኝ። "እንኳን አብራችሁ መጣችሁ። አምና በጋ ብቻውን ሲመላለስ አንጀቴን በልቶት ነበር።"

"ምን ሲል ነው የሚመላለሰው?"

"አላወቅሽም? አምስት ጊዜ እኮ ነው የወጣው። በዚህ አልፎ ላይኛው ጎጆ ይሄዳል፣ ያድራል፣ ይወርዳል። ፊቱ ያስፈራ ነበር። እኔም አልጠየቅኩት።"

አላወቅኩም። ምን ፍለጋ ነው የሚወጣው?

ሚያዝያ 16፣ ረቡዕ፣ የላይኛው ጎጆ

መጻፍ አልፈለግኩም። ግን ዛሬ ካልጻፍኩት ነገ ሌላ ነገር አድርጌ አስታውሰዋለሁ። በሌላው ነገር እንዳደረግኩት።

የተራራውን መተላለፊያ በረዶ በሚነክስ የጫማ ብረት ተሻገርን። ከዚያ ወዲያ ግግር በረዶው ነው፤ ስንጥቅ ስላለው በገመድ ተያያዝን። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ገመዱ መሃል። ስዘገይ ይዘገያል። አንድ ጊዜ እንኳ ገመዱ ተወጥሮ አልጎተተኝም።

ስድስት ሰዓት ላይ ደረስን። ሰው የለም። አራት አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ መደርደሪያው ላይ መዝገቡ። እርሳስ በክር ታስሮበታል።

ዱሪ መዝገቡን አየ፣ እኔን አየ። "እንጨት ልፍለጥ" ብሎ ወጣ።

ቆሜ ገለጥኩ። የሰው ስም፣ የተራራ ስም፣ የአየር ጠባይ። አንድ ሰው ድመት ሥሏል። ከዚያ የአምናው ሚያዝያ። ወደ ግራ ያጋደሉ ፊደሎች። ከማንበቤ በፊት እጄን ላዩ ላይ አኖርኩ። እርሳሱን ተጭኖ ነው የጻፈው፣ ወረቀቱ ጎድጉዷል። ቃል በቃል ልገልብጠው፦

"ሚያዝያ 16። ፍሉሪን፣ ብቻዬን። ነገ ፒዝ ኡርሳና ተራራ። አባዬ በምዕራቡ ጠርዝ ውጣ ብሏል፣ ግን እሱ ረጅም ነው። በምሥራቁ ፊት እወጣለሁ። እማዬ በረዶው እስከ አምስት ሰዓት ይይዛል ብላለች፣ እሷ ታውቃለች። እንጨት ፈልጬ ትቻለሁ። ምድጃው ያጨሳል።"

ደግሜ አነበብኩት። እማዬ የምትለው ማናት? እንደዚህ ነው ያሰብኩት፣ እውነቴን ነው። ይቺ ሴትዮ ማናት ብዬ።

ከዚያ መጣልኝ። ከመሄዱ ሦስት ቀን በፊት። እኔ የሥራ ልብሴን እተኩሳለሁ። እሱ ቆሞ ዳቦ ይበላል። "እማዬ፣ የኡርሳና ምሥራቅ ፊት በሚያዝያ እንዴት ነው?" ቀና እንኳ አላልኩም። "በረዶው እስከ አምስት ሰዓት ይይዛል። አያትህ ሁሌ እንግዶቹን በዚያ ነበር የሚያወጣው።" ቀጥዬ፣ "ይሄን ሸሚዝህን አውልቀው ልተኩስልህ፣ ሰው አስመስዪኝ አይልም እንዴ ሰው?" አልኩት። ሳቀ። አወለቀው።

ዓመት ሙሉ ሸሚዙን አስታውሳለሁ። ስንት ጊዜ አለቀስኩበት። ከሸሚዙ በፊት ያልኩትን ግን አላስታወስኩም። ሰው እንዲህ ይረሳል? ወይስ አውቄ ነው?

አምስት ሰዓት። የአባቴ ሰዓት ነው እሱ። የአባቴ ዘመን ሚያዝያ ቅዝቃዜ ነበረው። አምና ደግሞ ገና በመጋቢት አበባ የፈነዳበት ዓመት ነው፣ አውቶቡሱን መስኮት ከፍቼ እነዳ ነበር። በሙቀት በረዶው ቀድሞ እንደሚላላ አውቅ ነበር። ናዳው የወረደው አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፤ የእጅ ሰዓቱ መዝግቦታል።

ውጭ ዱሪ ይፈልጣል። የተፈለጠው ለአንድ ሳምንት ይበቃል። አሁንም ይፈልጣል።

በመጨረሻ እንጨት ታቅፎ ገባ። ፊቴን አየ። እንጨቱን ቀስ ብሎ አንድ በአንድ ደረደረ።

"ታውቅ ነበር" አልኩት።

"ያን ዕለት ነው ያየሁት። ከያኸን ጋር ስንፈልገው መጀመሪያ የገባነው እዚህ ነው። የት እንደሄደ ያወቅነው ከዚሁ ነው።"

"በምዕራቡ ውጣ ብለኸው ነበር።"

"ብዬው ነበር።"

"ስልኩ ላይ።"

"ስልኩ ላይ። ሂድ አልኩት፣ በምዕራቡ ግን አልኩት።"

"እኔ እኮ ገዳይ አልኩህ። እናትህ ፊት። ሰው ሁሉ ፊት።"

"ብለሽኛል።"

"ለምን ዝም አልክ?"

ምድጃውን ለኮሰ። እንጨቱ እስኪይዝ ድረስ አየው። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

"መጀመሪያ ልነግርሽ አልቻልኩም፣ አትተርፊም ብዬ። በኋላ ደግሞ ተናደድኩ። ውጣልኝ ያልሽኝ ቀን አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ያን ቀን ብነግርሽ ልጎዳሽ ብዬ ነው የምነግርሽ። ስለዚህ ቧንቧውን ጠገንኩ።"

"በጋውን ሙሉ እዚህ ምን ትሠራ ነበር?"

"ገጹን ልቀድ ነው የምመጣው።"

"አምስት ጊዜ?"

"አምስት ጊዜ። የእጁ ጽሑፍ ነው፣ ላዲና። እንዴት አድርጌ ልቅደደው?"

ማልቀስ ፈልጌ አልመጣልኝም። ምድጃው ያጨሳል።

ሚያዝያ 17፣ ሐሙስ

አሁን ቤት ነኝ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም።

ገና ሳይነጋ ወጣን። በምዕራቡ ጠርዝ። እውነትም ረጅም ነው። ሦስት ሰዓት በስኪ፣ ከዚያ ስኪውን ቦርሳ ላይ አስረን በጫማ ብረት። ነፋሱ ፊት ይልጣል። ፍሉሪን ይሄን ሁሉ ቢመጣ ኖሮ... ይደክመው ነበር። አለቀ። ይደክመውና ከሰዓት በኋላ ቤት ይደርስ ነበር፣ ያኮርፈኝም ነበር።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ጫፉ ላይ ወጣን። ተራራ በተራራ ላይ፣ ሁሉም ነጭ። ከሥራችን የምሥራቁ ፊት። ለስላሳ፣ ሰፊ፣ ምንም ምልክት የለበትም። እዚያ ላይ የሆነ ነገር ሆኗል ብትለው ማንም አያምንህም።

ስኪዬን አውርጄ ጫፉን ወደ ምሥራቅ አዞርኩት። ማሰሪያውን አጠበቅኩ።

"ላዲና።"

"በዚህ ነው የምወርደው።"

"በረዶው ላልቷል። በእጅሽ ንኪው።"

"አውቃለሁ።"

"ታውቂያለሽ።"

"አዎ፣ አውቃለሁ አልኩህ። ከኋላዬ አትምጣ። በምዕራቡ ውረድ።"

ይጮኽብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም። የራሱን ስኪ አወረደ፣ ከኔ አጠገብ ወደ ምሥራቅ አዞረው፣ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አስገባ።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"እኔ እቀድማለሁ" አለ። "ዱካዬን ትከተያለሽ።"

እያስፈራራኝ አልነበረም። ፊቱን አየሁት። የደከመው ሰው ፊት ነው። በቃ ቢሆንም ባይሆንም ግድ የሌለው። ብትሩን ተክሎ ክብደቱን ወደ ፊት ሲያደርግ የቦርሳውን ማንጠልጠያ ያዝኩት። በሁለት እጄ። ቁልቁለቱ ጎተተው፣ እኔ ጎተትኩት፣ ሁለታችንም ወደ ኋላ ወደቅን። ስኪዎቻችን ተጠላለፉ።

ተኝተን ቀረን። ሰማዩ ላይ አንድ ነገር የለም።

"እኔ ነኝ የነገርኩት" አልኩ። ጮክ ብዬ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። "ዱሪ፣ እኔ ነኝ የነገርኩት።"

"አዎ" አለ።

አይደለም አላለኝም። ለዚህ አመሰገንኩት፣ በልቤ። አይደለም ቢለኝ ኖሮ ዳግመኛ አላምነውም ነበር።

ያኔ መጣልኝ። ዓመት ሙሉ ያለቀስኩት ልቅሶ የቁጣ ነበር። ይሄ ሌላ ነው። ዱሪ እጁን ጀርባዬ ላይ አላደረገም፣ ግን አልራቀም። አጠገቤ ተቀምጦ ጠበቀ።

በምዕራቡ ወረድን። በረዶው ላዩ ብቻ ሟሙቶ ከሥሩ ጠንካራ ነው፣ በፀደይ አንድ ሰዓት ብቻ የሚገኘው ዓይነት። ሰውነቴ ራሱ ታጠፈ፣ ራሱ ተዘረጋ። አራት አምስት ጊዜ ከታጠፍኩ በኋላ ደስ እያለኝ እንደሆነ አወቅኩ። አፈርኩ። ቆምኩ። ዱሪ ከታች ቆሞ ሽቅብ ያየኛል። እንደገና ጀመርኩ።

መዝገቡን ትቼው መጣሁ። ገጹንም አልነካሁም። ሌላ የሚገባ ሰው ያንብበው።

ሚያዝያ 18፣ ስቅለት

ትናንት መንደር ስንደርስ በራፌ ላይ ቆመን ነበር። "ግባ" አልኩት።

"አልችልም።"

"ቤትህ ነው እኮ።"

"ይሄን ነገር ስሸከም ቆሜ መሄድ እችል ነበር። አሁን ስታውቂው... ደከመኝ። ዝም ብሎ ደከመኝ፣ ላዲና።" ስኪውን አንስቶ ወደ ማድላይና ቤት ሄደ። ጀርባው ጎብጧል። ትናንት ጠዋት ጎብጦ ነበር? ልብ አላልኩም።

ይቅርታ አድርግልኝ አላልኩትም። ቃሉ አነሰኝ።

ሚያዝያ 19

ያኸን ቤት ሄድኩ። በሩን ሲከፍት ዓይኔን አይቶ ገባው።

"አነበብሽው።"

"አነበብኩት። ዓመት ሙሉ እንዴት ቻልክ?"

"ዱሪ አስምሎኝ ነው። እኔ ደግሞ ነገሩ ለሳምንት መስሎኝ ነበር።" ራሱን አከከ። "መዘምራኑ ዱሪን ሲያኮርፉት አንድ ሁለቴ ልናገር ብዬ ነበር። ሰው ሁሉ የራሱን ወንበር ከሱ ሲያርቅ አየሁ። እኔም ዝም አልኩ። ጥሩ ሰው አይደለሁም፣ ላዲና።"

"ለመዘምራኑ እኔ እነግራለሁ" አልኩት። "አንተ ዝም በል።"

"ይከብድሻል።"

"ያኔ አልከበደኝም፣ ስናገር።"

ሚያዝያ 20፣ ፋሲካ

እማማ ኡርሽላ ጠረጴዛውን ለሁለት ሰው አሰናድተው ጠበቁኝ። የተቀቀለ እንቁላል፣ በግ፣ የዋልነት ኬክ። ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ ጀመርኩ። ከተቀመጥኩ አልናገርም ብዬ ፈራሁ።

"እማማ፣ ስለ ፍሉሪን የነገርኩዎ ነገር ሐሰት ነው።"

"ምን አልሽ?"

"በዚያ ውጣ ያልኩት እኔ ነኝ። ዱሪ በሌላ በኩል ውጣ ብሎት ነበር። ልጁ በእጁ ጽፎታል፣ አነበብኩት። ዱሪ ያውቅ ነበር። ለኔ ብሎ ዝም አለ።"

"ቀስ ብለሽ ንገሪኝ" አሉ። ሹካቸውን አስቀመጡ። "ከመጀመሪያው።"

ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። ሸሚዙን ሳይቀር። ሲሰሙ ዓይናቸውን ከፊቴ ላይ አላነሱም። ስጨርስ ሳህናቸውን ከፊታቸው ገፉ። በጉ ቀዘቀዘ።

ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

"በገና ደጃፍ ላይ አቆምኩት" አሉ።

"ያስቆምኩዎ እኔ ነኝ።"

"አይደለም። በሩ የኔ ነው።" እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ተጭነው ተነሱ። "ጫማዬን አምጪልኝ።"

"ልደውልለትና ይምጣ፣ ይሻላል። መንገዱ ያንሸራትታል።"

"ሴትዮ፣ ጫማዬን አልኩሽ።"

ተንበርክኬ አሰርኩላቸው። እጃቸው ራሴ ላይ አረፈ። ለመደገፍ ይሁን ለሌላ... አላውቅም። አልጠየቅኩም።

ማድላይና ቤት የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። እኛ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እያዩን ቆሙ። እማማ ሁለት ጊዜ ቆም ብለው አረፍ አሉ። አንዴ፣ "በምሥራቁ ውጡ አባትሽም ይሉ ነበር፣ አስታውሳለሁ" አሉኝ።

በሩ ጋ ስንደርስ "አትገቢም?" ብለው ጠየቁኝ።

"ዛሬ የእርስዎ ነው።"

በበትራቸው በሩን መቱት። ዱሪ በካልሲ ወጣ። እናቱን አየ። እጁ በሩ ላይ ቀረ። ኃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ግን እንደዚያ ቆሞ ሳየው የተቆጡት ልጅ መሰለኝ።

እሳቸው ቀና ብለው አዩት። ከደረቱ አይበልጡም።

"ዱሪ፣ ምሳ በላህ?" አሉት።

"አልበላሁም፣ እማዬ።"

"እኔም አልበላሁም።"

ክንዳቸውን ይዞ አስገባቸው። ከመግባቱ በፊት በራሳቸው ላይ አሻግሮ አየኝ። "ማን ይመልሳቸዋል?" አለ።

"እኔ እጠብቃለሁ።"

"ብርድ ነው።"

"እጠብቃለሁ፣ ዱሪ።"

ራሱን ነቀነቀና በሩ ተዘጋ። ከመንገዱ ማዶ ካለው የውኃ ገንዳ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ድንጋዩ ይቀዘቅዛል። መጀመሪያ የእሳቸው ድምፅ ተሰማ፣ ዝቅ ብሎ፣ ቃሉ አይለይም። ከዚያ እሳቸው ዝም አሉና ሌላ ድምፅ መጣ።

መጀመሪያ ምን እንደሆነ አላወቅኩም። ከዚህ ሰው ጋር ሃያ አራት ዓመት ኖሬ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም። ልጁን ሲያወጣው አላለቀሰም አሉ፣ በቀብሩም አላለቀሰም፣ እኔም ይሄንኑ ከጥፋቱ ጋር ቆጥሬበት ነበር።

አልገባሁም። ጆሮዬንም አልያዝኩም። እስኪጨርስ ድረስ ተቀምጬ ሰማሁት።